መኪናችን ዝም ያለችበት ወር

ሰኞ 3

ይህ ደብተር የጭነት መመዝገቢያ ነበር። የፊተኞቹ ገጾች በባለቤቴ እጅ ጽሕፈት የተሞሉ ናቸው፤ «ሁለት አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ ከአናጢው እስከ ድልድዩ ማዶ» ዓይነት። ከዚህ ገጽ ወዲያ የኔ ነው። የማስቀምጠው ጋቢና ውስጥ፣ ከመቀመጫው ሥር ነው። ቤት ውስጥ ቦታ ስለሌለ።

ዛሬ ጠዋት ሞተር ሳስነሳ ባለቤቴ ሁለት ጆሮውን ይዞ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለ። የጭስ መውጫው ድምፅ ማፈኛ፣ ማርሚታው፣ በዝገት ተበልቶ ሆዱ ተቦድሷል፤ ፒክአፗ ስትነሳ ሰፈሩ አብሮ ይነሳል። ጎረቤታችን በመስኮት ብቅ ብላ፣ «አንቺ፣ ይቺ መኪናሽ እኮ ሳትታይ ነው የምትሰማው! ከዶሮ ቀድማ ቀሰቀሰችን» አለችኝ። ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እሱስ እንዴት ነው?» አለች።

«ደህና ነው፣ ተመስገን።»

ሐኪሙ ጭንቅላቱ እስኪያገግም ጩኸት እንዳይሰማ ብሏል። ስለዚህ ማርሚታውን ማስቀየር አለብኝ። ሌላ ችግር የለም።

ሐሙስ 6

ሦስት መለዋወጫ ሱቅ ዞርኩ። የመኪናዋ የራሷ ማርሚታ የለም፤ መሠራት ካቆመ ቆይቷል አሉኝ። ሦስተኛው ሻጭ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «ባለቤትሽን ላኪው፣ እሱ ያውቃል» አለኝ። ባለቤቴ ከግቢ ሳይወጣ ስምንት ሳምንቱ ነው ብዬ ላስረዳው አልፈለግሁም። «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ 8

አጭር ነው፣ አናጢው እየጫነ ነው።

ክንዴን የመኪናዋ የኋላ መዝጊያ፣ ስፖንዳው፣ መታኝ። ስዘጋው። ጠቁሯል። ረጅም እጅጌ ለብሻለሁ፤ ለነገሩ ብርድም አለ።

እሑድ 9

አማቴ ዛሬም መጣች። ሁለት መንገድ አለፍ ብላ ነው የምትኖረው፤ እኔ ለሥራ ስወጣ እየመጣች አጠገቡ ትቀመጣለች። ካላት ልጅ እሱ ብቻ ነው የቀረው። እግሩን ስታጥበው እንደ ሕፃን ዝም ይልላታል።

ቧንቧው ጋ ለጎረቤታችን ስትነግራት ሰማሁ። «ምራቴ ጠንካራ ናት፣ ትችላለች። ሆድ ከአገር ይሰፋል» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ባትችልስ ምን ታደርጋለች?» አለች። ባልዲዬን ሳልሞላ ተመለስኩ።

ትንሿ ልጃችን አዲስ ነገር ለምዳለች። ገና አሥር ዓመቷ ነው። ጫማዋን ግቢው በር ላይ አውልቃ በእጇ ይዛ ትገባለች። ኩባያ ስታስቀምጥ መጀመሪያ ትንሽ ጣቷን ከሥሩ ታደርጋለች፣ ጠረጴዛው እንዳይጮህ። «ጎበዝ» አልኳት። ካልኳት በኋላ ግን ለምን እንዳልኳት ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ።

ማክሰኞ 11

አናጢው ወደ አንድ በያጅ ላከኝ፤ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ቆርቆሮ መጠለያ ሥር የሚሠራ፣ ማርሚታ ብቻ የሚነካ ሽማግሌ። ሰው ሁሉ ጋሽ ጥቀርሻ ይለዋል። ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ነው ነጭ። ሞተሩን አስነሺ አለኝ፤ አስነሳሁ፤ ወዲያው በእጁ አጥፊ አለኝ።

«ይህቺ ያስፈለጋት ጋራዥ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ነው። እንዴት ነው የምታስለው!» አለ።

ሥሯ ገባና በመዶሻ እጀታ ቆርቆር ቆርቆር አደረገው። የዝገት ፍርፋሪ ደረቱ ላይ ዘነበ። ወጥቶ ከግድግዳው ላይ አንድ ሞላላ ማርሚታ አወረደ፤ አዲስ፣ ግን ለሌላ መኪና የተሠራ።

«የሷ አይደለም። ግን ሥራው አንድ ነው። አንገቱ ከቱቦሽ ይሰፋል፤ መካከሉ ላይ እጅጌ እንሰፋለታለን።»

«የራሷ ቱቦስ? እሱም ይጣላል?»

«ለምን ይጣላል? ጤነኛው ብረት ድረስ ብቻ ነው የምንቆርጠው። ብሎኖቹ ዝገዋል፤ ዛሬ ዘይት ጠጥተው ይደሩ። ነገ ነይ።»

ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። መኪናዋ ዝም ካለች እሱ ያርፋል፣ እሱ ካረፈ ቤቱ ያርፋል። እንደዚህ ቀላል ነው።

ረቡዕ 12

ጋሽ ጥቀርሻ ረዳት የለውም፤ «ያዢ» አለኝ። ያዝኩ። መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ፈታ፤ ሲበየድ መኪናዋ እንዳትቃጠል። ከአራቱ ብሎኖች ሁለቱ ተፈቱ፣ አንዱ ተሰበረ፣ አንዱ በእሳት ቀልቶ ወጣ። አሮጌው ማርሚታ ሲወርድ ከሆዱ አንድ እፍኝ ጥቁር አመድ ፈሰሰ። ይህን ሁሉ ጊዜ ስንጎትተው ነበር።

አዲሱን በሁለት እጄ ከደረቴ በላይ ደግፌ ሳነሳ እጅጌዬ ወደ ክርኔ ተንሸራተተ። ጋሽ ጥቀርሻ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ክንዴን አየ። አራት ጣት ጎን ለጎን።

«ስፖንዳ ነው» አልኩ ሳይጠይቀኝ።

«እንዴ፣ ስፖንዳም ጣት አወጣ?» አለ። አልሳቀም። መነጽሩን አውርዶ፣ «ዓይንሽን ጨፍኚ» አለኝና በየደው።

ዓርብ 14

ዝም ብላለች! ጎማው አስፋልቱን ሲልሰው ሁሉ ይሰማል። የራሴ ትንፋሽ ይሰማኛል። ጎረቤታችን ባዶ እጇን እያጨበጨበች፣ «እልል ልበል ወይስ እሱንም ከለከልሽ?» አለችኝ።

ባለቤቴ ግን... በኋላ እጽፋለሁ።

ያው ዓርብ

መምጣቴን አልሰማም። ወንበር ላይ ሆኖ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር፤ «ደረስኩ» ስለው ደንግጦ ዘለለ። «ለምን እንደ ሌባ ትገቢያለሽ?» አለ። «ማርሚታውን አስቀየርኩልህ እኮ» አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ መለስኩ። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። አላደረግሁም።

ከንፈሬ ይፈወሳል። ዳቦ መግመጥ ነው ትንሽ የሚያስቸግረኝ።

ቅዳሜ 15

ጥፋቱ የኔ ነው። ጡሩምባ ማሰማት ነበረብኝ። አይ፣ ጡሩምባም ጩኸት ነው። በር ላይ ሆኜ ቀስ ብዬ ማንኳኳት። ወይም ማፏጨት። ከአሁን በኋላ አፏጫለሁ።

ማክሰኞ 18

አናጢው የአልጋው እግር ቀለም እስኪደርቅ ጠብቂ ብሎኛል፤ ሁለት ሰዓት አለኝ። የማልጽፈውን ልጻፈው።

ቁም ሳጥን ጭነን ነበር፣ እዚሁ ደጅ። እሱ ከኋላ ካሶኒው ላይ፣ ጭነቱ አጠገብ ቆሞ ገመድ እያጠበቀ፣ እኔ መሪ ላይ። መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ «ከኔ የምትሻይው በትዕግሥት ነው» ይለኝ ነበር። ባትሪው ደክሞ ስለነበር ሞተሩን አላጠፋሁትም። ማርሚታው ያኔም ተቀዶ ነበር፤ በሚቀጥለው ወር፣ በሚቀጥለው ወር እያልን። ከኋላ አንድ ነገር ተናገረኝ። «ቆይ» ነበር ያለው። እኔ የሰማሁት «በይ» ነው። ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን ለቀቅሁ። መኪናዋ ወደፊት ዘለለች፤ እሱ ከላይ ወደቀ።

ቁም ሳጥኑ ምንም አልሆነም። መስተዋቱ እንኳን አልተሰነጠቀም።

ሐኪም ቤት አሥራ ሁለት ቀን ተኛ። ሲነቃ በመጀመሪያ የጠራው እኔን ነው። ማንም አልወቀሰኝም፤ አማቴም፣ እሱም። ሰው ሲወቅስሽ መልስ ታበጂያለሽ። ካልወቀሰሽ ምን ትያለሽ? የመጀመሪያ ቀን ክንዴን ጠምዝዞ ሲይዘኝ ጣቶቹን እያየሁ፣ ይገባኛል፣ ይሄ የቀረብኝ ሒሳብ ነው አልኩ በልቤ።

ቀለሙ ሳይደርቅ አልቀረም። እየጠሩኝ ነው።

ሐሙስ 20

ጉብታ ሳልፍ ከሥር ጓ ይላል። ማርሚታው ዝቅ ብሎ ተገጥሞ ጭነቷ የሞላ ቀን ከኋላው የጎማ ዘንግ ጋር ይላተማል። ነገ ጋሽ ጥቀርሻ ጋ።

ባለቤቴ ዛሬ ደህና ነበር። ትንሿን ክፍልፋይ አስጠናት። እንደ ድሮው እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ። እራት አልቆ ሳህን እስካነሳ ድረስ ደህና ነበር።

ዓርብ 21

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለኝ ጋሽ ጥቀርሻ። «ያን ዕለት ቸኩለሽ አስቸኮልሽኝ። አሁን እንደ ሰው እንሥራው።»

ብየዳውን ቆርጦ ማርሚታውን ወደ ላይና ወደ ጎን አሸሸው። በሁለት ነጥብ ብቻ ያዘውና ካሶኒው ላይ ወጥተሽ ዝለዪ አለኝ። ዘለልኩ፤ እሱ ከሥር ተኝቶ ክፍተቱን በጣቱ ለካ። ልክ ሲሆን ዙሪያውን በየደው። ከዚያ የጭስ መውጫውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅጥቆ፣ መጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ቀብቶ ሞተሩን አስነሺ አለኝ። አንድ ቦታ አረፋ ተኮፈሰ። «አየሽ፣ በዓይን አይታይም፣ ግን ይተነፍሳል» ብሎ እንደገና በየደው።

ሲጨርስ ጠየቅሁት። «ከዚህም በላይ ዝም ትላለች?»

«ምን ያህል ዝም እንድትልልሽ ነው?»

«ግቢ ውስጥ ስትነሳ ቤት ውስጥ የተኛ ሰው እንዳይነቃ።»

የያዘውን አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ።

«ለታማሚው ነው» አልኩት። «ከሰዓት በኋላ መድኃኒቱ ያስተኛዋል። ከሰባት ተኩል እስከ ዘጠኝ ተኩል።»

«አዎ፣ ለታማሚው» አለ። «ከኋላ ሌላ ትንሽ ማርሚታ እቀጥልልሻለሁ። ጉልበቷን ትንሽ ይቀንሰዋል፤ ዳገት ላይ ታገሺያት።» መኪናዋን ዞር ብሎ አያት። «ልጄ፣ ማርሚታ ድምፅ ነው የሚያፍነው። የሞተር ሕመም አያድንም። ይሄን ለደንበኛ ሁሉ ነው የምነግረው።»

እሑድ 23

ለምን ሰዓቱን እንደቆጠርኩ አላውቅም። ዛሬም ቆጠርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ነቃ።

የጎማውን ነፋስ አስሞላሁ። መለዋወጫውንም ጎማ። ረጅም ጭነት ሊኖር ይችላል።

ማክሰኞ 25

ትንሿ የድስት ክዳን ከእጇ አመለጣት። ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ፤ በእግሬ ረግጬ ላስቆመው ሮጥኩ፣ አልደረስኩም። ባለቤቴ የብረት ኩባያውን ወረወረ።

ከቅንድቧ በላይ። ሦስት ስፌት።

አላለቀሰችም። ሐኪም ቤት መርፌ ሲገባም አላለቀሰችም። ነርሷ «ጀግና ናት» አለች። ጀግንነት እንዳልሆነ ነርሷ ከየት ታውቃለች? ድምፅ ማሰማት ፈርታ ነው።

«ምን ሆና ነው?» ስትለኝ፣ ደረጃ ላይ ወደቀች ልል አፌን ከፈትኩ። ቤታችን ደረጃ የለውም። ልጄ ቀና ብላ ምን እንደምል ትጠብቃለች። አፌን ዘጋሁ። ነርሷም ደግማ አልጠየቀችም፤ ወረቀቱ ላይ ግን ረጅም ነገር ጻፈች።

ረቡዕ 26

ቅዳሜ 8 ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው። ስፖንዳው አልመታኝም። እዚህ ደብተር ላይ፣ ማንም በማያየው፣ ለማን እንደዋሸሁ አላውቅም።

ማታውን እሱ አለቀሰ። ኩባያው ከእጁ መቼ እንደወጣ አያስታውስም፤ እውነቱን ነው። የልጁን ግንባር ሊዳስስ እጁን ሲዘረጋ አንገቷን ሰበረች፣ እንደሚመታ ውሻ። እጁን መልሶ ኪሱ ከተተው።

እኔ የሠራሁትን ዕዳ እኔ ልቻለው። እሷ ግን መሪ ላይ አልነበረችም።

ሐሙስ 27

እህቴ ደወለች። የምትኖረው የአምስት ሰዓት መንገድ ርቃ ነው። የምንናገረው ሁልጊዜ ስለ ዝናብና ስለ ልጆች ነው። ዛሬ፣ «ያንቺ ከተማ ውስጥ የቤት ዕቃ የሚያመላልስ መኪና ይጠፋል?» አልኳት። በር ስትዘጋ ሰማሁ። ከዚያ፣ «የኋላውን ክፍል ነገ አስለቅቀዋለሁ» አለች። እኔ ስለ ክፍል አልጠየቅሁም ነበር።

ቅዳሜ 29

ልብስ እያጣጠፍኩ አማቴ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። የያዝኩት የትንሿ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው። ሁለታችንም ቅዳሜ መሆኑን እናውቃለን።

«እማማ...» አልኩ።

ገብታ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ዩኒፎርሙን ከእጄ ተቀብላ እንደገና አጠፈችው፤ እኔ ካጠፍኩት ይልቅ አሳንሳ።

«አባቱም እጁ አያርፍም ነበር» አለች። «ያውም ጭንቅላቱ ምንም ሳይሆን። እኔን ሰዎች ቻይው አሉኝ፣ ቻልኩት። ያን ጊዜ እሱ ይቺን ያህል ነበር። ጠረጴዛ ሥር ይገባ ነበር።»

ሌላ ልብስ አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ሰኞ ይሁን፤ የቀኑን መድኃኒት እኔ እሰጠዋለሁ» አለች። «እናቱ ነኝ፤ እኔ አልሄድም፣ ቢመታኝም እጁ ለኔ የሕፃን እጅ ነው። ሐኪሙ ጋም እኔው እወስደዋለሁ። አንቺ ግን ልጅ አለሽ።»

ከዚያ አቅፋኝ አለቀስን፣ አፋችንን በነጠላዋ ጠቅጥቀን። እሱ ማዶ ክፍል ተኝቶ ነበር።

ሰኞ 1

ይህን የምጽፈው መንገድ ዳር፣ አንድ ነዳጅ ማደያ ጥላ ሥር ቆሜ ነው። ግማሹን መጥተናል። ትንሿ ጋቢና ውስጥ ጭኔ ላይ ተኝታለች፤ ደብተሩን ትከሻዋ ላይ አስደግፌዋለሁ። እንዳይጠፋኝ በተርታ ልጻፈው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት ሻንጣና የትምህርት ቤት ቦርሳ ጫንን። አማቴ መድኃኒቱን ሰጥቼዋለሁ ብላኛለች። ልጄን አስገብቼ ቁልፉን አዞርኩ። መኪናዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠች እንጂ ድምፅ አልነበራትም። ልወርድና የግቢውን በር ልከፍት ስል ባለቤቴ በረንዳው ላይ ቆሟል።

መድኃኒቱን አልዋጠውም ነበር ማለት ነው። ባዶ እግሩን ነው። ከኋላው እናቱ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

ሻንጣዎቹን አየ። ልጁን አየ፣ ግንባሯ ላይ ያለውን ፋሻ። እኔ የጋቢናውን በር እጀታ ከውስጥ ጨብጬ ነበር፤ ቆልፌው ይሆን አልቆለፍኩት ይሆን አላስታውስም። ወደኛ መጣ። በመስኮቱ በኩል አለፈ። ወደ ኋላ ሄዶ መሬት ላይ ተንበረከከና መኪናዋ ሥር አየ።

«ሞተሩን አጥፊ» አለ።

አላጠፋሁም።

«አጥፊው፣ ብረቱ ሳይግል።»

አጠፋሁ። የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳብኩ። ቁልፉን ነቅዬ ልጄ መዳፍ ውስጥ አስቀመጥኩና ጣቶቿን አጠፍኩበት። እሱ በጀርባው ተኝቶ ሥሯ ገባ። እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። የተቀጠለችውን ትንሿን ማርሚታ ሲነካካ፣ ብየዳውን በጥፍሩ ሲሞክር ይሰማኛል።

«ማን ነው የሠራው?»

«ጋሽ ጥቀርሻ።»

«ደህና ሠርቷል። የኋላው ማንጠልጠያ ጎማ ግን ተሰንጥቋል። እስከ እህትሽ ቤት አያደርስሽም።»

እህቴ ቤት እንደምሄድ አልነገርኩትም። ማንም አልነገረውም።

ፒንሳና ሽቦ እናቱ አመጣችለት። ሽቦውን ሲጠመዝዘው ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ እጁ እንደ ድሮው አይታዘዘውም። አንዴ ፒንሳው ወደቀበት፤ ሁላችንም ደነገጥን፣ እሱም ጭምር። ከዚያ ወጣ። ጀርባው በሙሉ አፈር ነው። መስኮቴ ጋ ቆመ፤ ወደኔ ሳይሆን ወደ ጎማው እያየ፣ «ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ ያዢ» አለ። ለልጁ ምንም አላለም። ሊላት ፈልጎ አፉ ሲንቀሳቀስ ግን አይቻለሁ።

ልወርድ? ይህን ሐሳብ እዚህም አልክደውም። እጄ በሩን ሊከፍት ሄዷል። ልጄ ቁልፉን እንደጨበጠች ጣቶቿ ነጥተው ነበር። እጄን መለስኩ፤ ቁልፉን ከመዳፏ ወስጄ ሞተሩን አስነሳሁ።

የግቢውን በር ሁለቱንም መዝጊያ እሱ ከፈታቸው። መንገዱ ላይ ወጥቶ ግራ ቀኝ አየልኝ። ወደ ኋላ ስወጣ በእጁ መራኝ፤ ነይ፣ ነይ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ በቃ። መስተዋቱን አላየሁም። እጁን ብቻ እያየሁ ወጣሁ።

መሪውን አዙሬ መንገዱን ስይዝ እንኳን ቆሞ ነበር። ጥቂት እንደሄድኩ መዝጊያዎቹ ሲገጥሙ ሰማሁ። ቀጥሎ ብረቱ፤ ከውስጥ ቀረቀረው።